ከሞተሩ ሥር የተቀመጠው ጣሳ

ይሉኝታ ሰው አይገድልም የሚል ካለ ይህን ይስማ።

በአንድ ሐይቅ ዳር የሚኖር መካኒክ ነበር። እጁ ብረት ያውቃል፤ ጆሮው ሞተር ሲታመም ከሩቅ ይለያል። አንድ ጉድለት ግን ነበረበት፤ ሰውን ማስቀየም ሞቱ ነው። በተለይ የእህቱን ባል። በዚህ እንኳ አይፈረድበትም፤ ወላጆቹ ሲሞቱ ቤቱ አስገብቶ ያሳደገው፣ ሙያም ያስያዘው እሱ ነው። ይህ አማቹ ጀልባ ነጂ ነው፤ ከደሴቱ ወደ ከተማው ሰው የሚያመላልስባት አንዲት የሞተር ጀልባ አለችው።

አንድ ጠዋት ነጂው አስጠራው። «ሞተሯ ትንሽ ዘይት ታለቅሳለች። ከላይ የክዳኗ ጎማ ሳያረጅ አልቀረም፤ እስቲ እያት» አለው።

መካኒኩ የሞተሩን ሽፋን ሲያነሳ ከሥሩ አንድ የወተት ጣሳ ተቀምጧል። እስከ ግማሹ ጥቁር ዘይት ይዟል።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»

«የኔ ዘዴ ነዋ!» ነጂው ሳቀ። «ሥራ ስጨርስ የተጠራቀመውን መልሼ እጨምርላታለሁ። ጠብታ አይባክንም። መለኪያውን ብታየው ሁልጊዜ ሙሉ ነው።»

መካኒኩ ሞተሩን በናፍጣ አጠበው፣ በጨርቅ አደረቀውና ነጭ ዱቄት ነሰነሰበት። የሚያፈስ ዘይት ተንኮለኛ ነው፤ አንድ ቦታ ይወጣና ሌላ ቦታ ይንጠባጠባል። ዱቄት ላይ ግን ዱካውን መደበቅ አይችልም። «አስነሳት» አለና ሁለቱም አጎንብሰው ጠበቁ። በክዳኑ ዙሪያ ያለው ዱቄት እንደነጣ ቀረ። ወደ ዘይት ማጣሪያው በሚሄደው ቀጭን የብረት ቱቦ ላይ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር ብቅ አለች። ነዳጅ ሲጨመርላት መስመሯ ሰፋች፣ ዘይቱም ፊጭ ማለት ጀመረ።

መካኒኩ ክው አለ። ያረጀ ጎማ ቢሆን ቀስ እያለ ነው የሚያፈሰው። የተሰነጠቀ ቱቦ ግን ቀኑን ጠብቆ ባንዴ ይፈነዳል፤ ያኔ ጣሳ አያድንም።

«ጋሼ፣ ቱቦው ተሰንጥቋል። አዲስ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት መቆም አለባት።»

«ሁለት ሳምንት? ሰዉ በምን ይሻገር? በዋና?» ነጂው ሽፋኑን መልሶ ገጠመው። «ሰባት ዓመት አብሬያት ኖሬአለሁ፤ አንጀቷን አውቀዋለሁ። በጎማ ቁራጭ ጥፍር አድርገህ እሰራት። አሳድጌህ አሳድጌህ አሁን አስተማሪዬ ልትሆን ነው?»

በቀልድ ነው ያለው። ቀልዱ ግን መካኒኩን እንደ ጥፊ አገኘው። ጎማውን አነሳና ማሰር ጀመረ።

በዚህ መሃል እህቱ ምሳ ይዛ መጣች። ከአሥራ አንድ ዓመት ትዳር በኋላ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ሆዷን በእጇ ደግፋ ጀልባዋን ትክ ብላ አየቻት።

«አንተ፣ ልወልድ የምሻገረው በዚች ነው። እውነቱን ንገረኝ፤ ደህና ናት ወይ?»

ነጂው ከኋላዋ ሆኖ ጠቀሰው። መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ደግሞም ጠረገ።

«ደህና ናት፣ እታለም» አለ።

ከዚያ ወዲያ «ነገ እነግራቸዋለሁ» እያለ ሰነበተ። ነገ ሲመጣ የነጂውን ፊት ያያል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። «ምን አገባኝ፤ ጀልባዋ የሱ፣ ሚስቱም የሱ» ይላል ለራሱ። እህትነቷስ ለማን ነበር? ወይ ነዶ!

በሦስተኛው ሳምንት፣ በቀትር፣ ምጧ መጣ። ጀልባዋ ላይ አሳፈሯትና መካኒኩም አብሮ ገባ። ሐይቁ መሃል ሲደርሱ ነፋስ ተነሳ። መካኒኩ የዘይቱን ግፊት የሚያሳየው ቀስት ቁልቁል ሲወርድ አየ።

«ጋሼ አጥፋት! አጥፋት!»

«ዝም በል፣ ልንደርስ ነው!»

አልደረሱም። ሞተሯ ኳ አለችና ደርቃ ቀረች። ሽፋኑን ሲያነሳ የታሰረው ጎማ ተበጥሷል፤ ዘይቱ ወለሉን አጥለቅልቆታል፤ ጣሳው ተገልብጧል።

በአንዲት መቅዘፊያ እየተፈራረቁ ቀዘፉ። ነፋሱ ግን መልሶ ይገፋቸዋል። እህቱ መጀመሪያ ጮኸች፣ ቀጥላ አቃሰተች። ሕፃኗ እዚያው ወለሉ ላይ፣ ዘይት በጠጣ ጨርቅ ላይ ተወለደች። እትብቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። አዋላጅ ብትኖር ታውቅበት ነበር። እሷ ጋ የነበሩት ሁለት ወንዶችና አንድ መፍቻ ናቸው። የዓሣ አስጋሪዎች ጀልባ ጎትታ ስታደርሳቸው ልጅቷ ቀዝቅዛለች።

ቤቱ በለቀስተኛ ተሞላ። «ምን ይደረግ፣ የፈጣሪ ሥራ ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ። ነጂው አንገቱን ደፍቶ «ነው፣ የሱ ሥራ ነው» አለ። መካኒኩም ዝም ቢል የሚያውቅበት አልነበረም። ግን ብድግ አለ።

«ፈጣሪን ተዉት! እሱማ ስንጥቁን አሳይቶን ነበር። ጋሼ አላይም አለ፤ እኔ አይቼ ዋሸሁ።»

«ምነው ወንድሜ» አለ ነጂው፣ «አሁን ይሄን ማውራት ምን ይጠቅማል?»

«አሁንማ ምን ይጠቅማል! የሚጠቅመው ያኔ ነበር።»

ነጂው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። እህትየዋ አልጋዋ ላይ እንደተኛች ወደ ግድግዳው ዞረች። «ጠይቄህ ነበር እኮ» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ለወራት ወንድሟን አላነጋገረችውም።

ወገኖቼ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ስንል ኖረናል፤ ቅጠሉን ይዘን «ቅር ይለው ይሆን?» እያልን የምንቆመው ግን እኛው ነን። የተቀየመ ሰው ይታረቃል። የሞተ አይመለስም።

መካኒኩ ግን ተለወጠ። ያየውን ጉድለት በተሳፋሪው ፊት ይናገራል። የጀልባ ባለቤቶች «አፈ እሬት» የሚል ስም አወጡለት። ከወራት በኋላ እህቱ ሐኪም ዘንድ ለመሻገር ወደብ ወረደች። የሌላ ሰው ጀልባ በተሳፋሪ ሞልታለች፤ ባሏም ቀድሟት ገብቶ ቦታ ይዞላታል። መካኒኩ ከሞተሩ ሥር ወጥቶ እጁን ሲጠርግ አጠገቡ ቆመች። አላየችውም፤ ዓይኗ ውሃው ላይ ነው።

«ደህና ናት ወይ?» አለች።

የጀልባዋ ባለቤት የመካኒኩን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገ። «በላ ንገራት፣ ትግባ፤ ሰው እየጠበቀ ነው።»

«ደህና አይደለችም፣ እታለም» አለ መካኒኩ። «ሰዉም ይውረድ።»

ተሳፋሪው አጉረመረመ። ባለቤቱ ተሳደበ። ከሁሉ ቀድሞ ተነስቶ የወረደው ግን ባሏ ነበር።