ጉቶው ላይ የተቀባው ሰማያዊ

ኮሊን ከዌሊንግተን ወጣ ብሎ ባለው የባሕር ዳር መንደር፣ በግዌንዳ የችግኝ ጣቢያ የካሮ ዛፍ አጥር ሥር፣ በውጭ በኩል ተደፍቶ ተገኘ። መጋዙ ከእጁ አልወጣም፤ አጠገቡም ከአጥሩ ውጭ በራሱ የበቀለ፣ አሁን የቆረጠው የካሮ ዛፍ ጉቶ አለ። አናቱን የመታው አጥሩን ተደግፎ የሚውለው የግዌንዳ አካፋ ነው። ሬሳውን ያገኘችውም እሷው ናት። ከዚህ ወዲያ መንደሩ ምን ምስክር ይፈልጋል? ፈርዶ ጨርሷል።

ጠባቸው የቆየ ነው። ግዌንዳ የካሮ ችግኝ እያፈላች ትሸጣለች፤ «ያገር ዛፍ ነው» ትላለች። የመንደሩ በጎ ፈቃደኛ አረም ነቃዮች አለቃ ኮሊን ደግሞ፣ «ያገርነቱ ለአገሪቱ ሰሜን ነው፤ እዚህ ወራሪ ነው። የሚጣበቀውን ዘሩን ወፍ እያዞረ ገደሉን ሁሉ አለበሰው» ይላል።

ፖሊሶች ግዌንዳን ሊወስዷት ሲሉ መርማሪዋ ናይሪ ደረሰች። ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከማኦሪ ናት፤ በወገኖቿ ልማድ ታላላቆቿን ሁሉ «አክስቴ»፣ «አጎቴ» ትላለች፤ ከምትናገረው የምታየው ይበዛል። ጉቶው ላይ ጎንበስ ብላ ቆየች።

«አክስቴ፣ ትጠይው ነበር?»

«ድሮ። ትናንት ግን ታረቅን። ፍሬው ሳይፈነዳ ከለቀምሽ አጥርሽን አልነካም ብሎ ጨበጠኝ።»

«ማን አየ?»

«ማንም።»

ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ። ናይሪ በእጇ አስቆመችው።

ችግኝ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች ሰበሰበች፦ ግዌንዳን፣ የኮሊንን ቤት የሚወርሰውን የወንድሙን ልጅ ትሬቨርን፣ እና ዱድሊን። ዱድሊ፣ ኮሊን ሲቆርጥ ዕድሜውን ሙሉ የመርዝ ቆርቆሮ ይዞ ከኋላ እየተከተለ ጉቶ የሚቀባ ሰው ነው። ጋዜጣ ኮሊንን ሲያወድስ የዱድሊን ስም እንኳ ጠቅሶ አያውቅም። ዛሬ ወገቤን አሞኝ ቤት ዋልኩ ብሏል።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች ናይሪ። «ጉቶ ሳይቀባ ቢቀር ምን ይሆናል?»

«ይደርቃላ!» አለ ትሬቨር። «እንጨት አይደል እንዴ?»

«ያቆጠቁጣል» አለች ግዌንዳ። «ቢያቆጠቁጥ እሰየው!»

ዱድሊ ተንገሸገሸ። «እሰየው ትላለች ደግሞ! አንዷን ዝም ብለሽ ብታልፊያት በዓመቱ ቁጥቋጦ ሆና ትጠብቅሻለች። ወዲያው ካልተቀባ ድካሙ ሁሉ ገደል ገባ!»

«ይሄኛው ተቀብቷል፣ አጎቴ።»

ናይሪ በበሩ በኩል ወደ ጉቶው ጠቆመች።

«መርዙ የተቀባው እንዲታወቅ ሰማያዊ ቀለም ይገባበታል። የሟቹ እጅ ንጹሕ ነው፤ አጠገቡም ቆርቆሮ የለም። ደሙ ጉቶው ላይ ተፈናጥሯል፤ ሰማያዊው ግን ከደሙ በላይ ነው። ስለዚህ የተቀባው እሱ ከተመታ በኋላ ነው። አክስቴ ብትሆን እንዲያቆጠቁጥ ትተወው ነበር። ትሬቨር መቀባት እንዳለበትም አያውቅም። ታዲያ ሰው ገድሎ እንኳ ያልተቀባ ጉቶ ጥሎ መሄድ ያቃተው ማነው?»

ዱድሊ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጎጣቸው።

«ያን ሁሉ ዘመን!» አለ። «ስሙ የሱ፣ ቆርቆሮው የኔ! ዛሬ ደግሞ ‹አጥሯን ትቼላታለሁ፣ ተጨባብጠናል› ይለኛል። እኔን ሳይጠይቅ! እኔ ምኑ ነኝ? ብሩሹ?»

ግዌንዳ ዓይኗን ጨፈነች። ያላመኗትን ነገር የመሰከረላት ገዳዩ ነው።

ይዘውት ሲወጡ በር ላይ የተኮለኮለው መንደርተኛ መንገድ ለቀቀ።

«እኛማ መቼ ጠረጠርንሽ!» አለች ጎረቤቷ ጆይስ።

«ታዲያ ጠዋት ‹ምን ትጠብቃላችሁ፣ ውሰዷት› ያልሽው ማንን ነበር? ድመቴን?»

ይቅርታ ያለ አንድም ሰው የለም። ግዌንዳ በሩን ዘጋችባቸው። ያን ጊዜ እዚያው ተቀምጣ ለኮሊን አለቀሰችለት።