ድንጋይ ያለበት ጣሳ

ሟቹ ፀሐይ ላይ ነበር፤ ውሻዋ ጥላ ውስጥ።

ወስፌ ከመኪናው ወርዳ መጀመሪያ ያየችው ይህን ነው፤ አይታም ተናደደች። ሠላሳ ዓመት ሬሳ ስታይ የኖረች መርማሪ ናት፤ ሞት አያናድዳትም። የሚያናድዳት ነገር ቦታውን ሲስት ነው። ወስፌ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ቀስ ብላ ገብታ በወዲያ በኩል ስለምትወጣ ባልደረቦቿ ያወጡላት ነው። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች።

ሟቹን ሰው ሁሉ ጋሽ ኢላማ ይለው ነበር። ስልሳ ዓመት አልፎት እንኳ የሚበር ቆቅ በአንድ ጥይት ያወርድ ነበር። አሁን አሸዋው ላይ በጀርባው ተንጋሏል። የግራ እጁ እጅጌ እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል፤ አንጓው ላይ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ፊቱን ከዚያ እጁ ወደ ሌላው ወገን አዙሯል።

አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ አንድ እሾሃማ ቁጥቋጦ አለ፤ ከሥሩ ጉድጓድ። የጉድጓዱ አፍ ላይ የአሸዋ መልክ ያላት፣ ፀጉረ አጭር የአደን ውሻ አፍንጫዋን በፊት እግሮቿ መሀል ቀብራ ተኝታለች። ከፊቷ ውሃ ያለበት የቆርቆሮ ጣሳ አለ፤ ከውሃው ውስጥ ዕንቁላል የምታክል ለስላሳ ድንጋይ።

«እባብ ነው» አለ የጤና ጣቢያው ሰው፣ ጓንቱን እያወለቀ። «ንክሻው ይኸው፤ ጉድጓዱም ያው።»

«ጉድጓዱ ላይ ውሻ ተኝታበታለች።»

«ውሻ ምን ያውቃል?»

«እሱን ነው የምጠይቀው» አለች ወስፌ።

አባቷ እንደወትሮው በረፋዱ ሳይመለስ ሲቀር ፍለጋ ወጥታ ሬሳውን ያገኘችው አንድ ልጁ ናት። ጠመንጃዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ ቆማለች። አላለቀሰችም፤ ከንፈሯ ግን ከንዴት የተነሣ ነጭ ሆኗል።

«እባብ ይላሉ?» አለች። «አጎቴ እባብ ከሆነ እስማማለሁ። የዛሬ ሦስት ሳምንት አባቴን በሰው ፊት ‹በረሃው ይክፈልህ› ብሎታል። ይኸው ከፈለው።»

«ጠመንጃውን ስጪኝ።»

«ፈቃድ አለኝ። ፀሐይ እስክትጠልቅ እታገስዎታለሁ። ከዚያ በኋላ አጎቴ ቤት እሄዳለሁ።»

ወስፌ ዛቻ ለይታ ታውቃለች። አንዳንዱ ለወሬ ነው፤ ይህኛው ግን የቆረጠ ሰው ዛቻ ነው። አብሯት የመጣውን ፖሊስ የአጎትየው በር ላይ እንዲቆም ላከችው፤ እሷ ጣሳውን በፌስታል ቋጥራ ውሻዋን አስከትላ ተነሣች።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ጎማ ጠጋኝ ነው። ሱቁ በማስቲሽና በተቃጠለ ጎማ ሽታ ታፍኗል። ወስፌን ገና በሩ ላይ ሲያያት፣

«አልገደልኩትም» አለ።

«ማን ገደሉ አለዎት? ይልቅ ለውሻዋ ውሃ ይስጧት፤ በሙቀት አለቀች።»

ባልዲውን ከጀሪካን ቀድቶ እስከ አፍ ገደፉ ሞላና ፊቷ አስቀመጠው። ውሻዋ ተስገብግባ ጠጣች፤ ወዲያውም አሳላትና ግማሹን መለሰችው። እሱ ጫማው ላይ ተረጨበትና አጉረመረመ።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በውሻ ነዋ። እኛ ቤት ሌላ ምን ወሬ አለ?» ጥቁር እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ቡችላ ሲመርጥ አንድ ቀን ሙሉ ይፈጅበታል። ፀጉሯ አጭር፣ መልኳ ፈዘዝ ያለ፣ መዳፏ እንደዚህ ጎማ የጠነከረ መሆን አለበት። ከዚያ ሁሉንም ፀሐይ ላይ ያስቀምጥና ሳታለቅስ ራሷ ጥላ ፈልጋ የምትሄደውን ያነሣል። እኔ አንዱን ጥቁር ጸጉራም ወደድኩ፤ ዓይኑ ገዛኝ። ‹በረሃ ላይ ይሞትብሃል› አለኝ። ሞተብኝ። ሳቀብኝ።»

«ለሳቅ ነው ‹በረሃው ይክፈልህ› ያሉት?»

ሰውየው ጨርቁን አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው።

«ለሱ አይደለም። እንግዶች ቡችላ ሊመርጡ መጥተው ሳለ አንድ ነገር ተናገረ። ሰው ሆኖ የሚናገረው አይደለም። ወንድሜን ሬሳው ሳይነሣ አላማም፣ አይጠይቁኝ።»

«ማን ማን ሰማው?»

«እኔ፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ እንግዶቹ። የቡችሎቹ እናትም ቡችሎቹን ታቅፋ ቆማ ነበር። ውሾቹን የምታሳድገውን ሴትዮ ነው እንዲያ የምንላት። የወንድሜ ልጅ ጓዳ ስለነበረች የኔን ቁጣ ብቻ ነው የሰማችው።»

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከሰው ይልቅ ከእንስሳ ጋር መነጋገር የሚቀለው ዓይነት። ውሻዋን ሲያይ ለወስፌ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ተንበረከከ። መዳፎቿንና ሆዷን በእርጥብ ጨርቅ አበሰ፤ ከዚያ በኋላ ነው ውሃ በእጁ እየቀዳ ያስላሳት።

«የጋለ ውሻ በአንዴ ብዙ ውሃ አይሰጠውም» አለ። «ሆዱ ተነፍቶ ይሞታል።»

«ድንጋይ አትጨምርበትም?»

«የምን ድንጋይ?»

ወስፌ ወደ ውሻዋ ጠቆመች። «ይህቺ ውሻ እባብ ብታይ ምን ታደርጋለች?»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «ስሟ ዝምታ ነው፤ ጮሃ አታውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን እዚህ አቆይቻት አስተማርኳት። አፉ የታሰረ እባብ በሽቦ ሳጥን አስቀምጣለሁ፤ በቀረበች ቁጥር የአንገት ማሰሪያዋ በኤሌክትሪክ ቆንጠጥ ያደርጋታል። አሁን ሽታው ከመጣባት አሥር እርምጃ ሸሽታ ዙሪያውን እየዞረች ትጮሃለች። በእኛ በረሃ ውሻ የሚጠበቀው እንዲህ ነው፤ አለበለዚያ ሁለት ዓመት አይቆይም።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔና ጋሽ ኢላማ ብቻ። ልጁ መንገድ ላይ ነበረች፤ ከወንድሙ ጋር አይነጋገሩም። የቡችሎቹ እናት ከሰማች ደግሞ ሁለታችንንም ትገነጣጥለናለች፤ ውሻ ሲያመው አትወድም። ለክትባት ነው ብለን ዋሸናት።»

«ያረጀ ውሻ እስከወዲያኛው የምታሳርፉበት መድኃኒት የት ነው የምታስቀምጠው?»

«ቁልፍ አለው። ባለፈው ወር ግን አንዲት አሮጊት ውሻ ታማ ለጋሽ ኢላማ አንድ ጠርሙስ ከነመርፌው ሰጥቼው ነበር። የተረፈው እስካሁን አልተመለሰልኝም።» እርጥቡን ጨርቅ ጨመቀው። «እሱ ራሱ አይወጋም። ያ ሁሉ ጀግንነቱ መርፌ ሲያይ ያልቃል፤ ፊቱን አዙሮ ነው የሚቆመው። ለምን ጠየቁኝ?»

የወስፌ ዓይን ጠበበ። ያ የዞረ ፊት ትዝ አላት።

የውሾቹ ቤት ከሟቹ ግቢ ጀርባ ነው። ወለሉ ታጥቧል፤ ጣሳዎቹ በመጠናቸው ተደርድረዋል፤ ከቆዳ የተሰፉ ትናንሽ የእግር መሸፈኛዎች ገመድ ላይ ተሰጥተዋል። ውሾቹ የጋለ አሸዋና እሾህ ላይ ሲሄዱ የሚያጠልቁት ነው። የቡችሎቹ እናት የአንዷን ውሻ መዳፍ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በመርፌ እሾህ ታወጣለች። ውሻዋ ንቅንቅ እንኳ አላለችም፤ እጇ ያን ያህል ቀላል ነው።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ፣ እህቴ?»

«እዚሁ። እነዚህን ትቼ ወዴት እሄዳለሁ?»

ግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ የወንድ ባርኔጣ ተሰቅሏል። ወስፌ በአገጯ አመለከተች።

«የባሌ ነው። የጋሼ መንገድ መሪ ነበር። የዛሬ ስምንት ዓመት በረሃ ጠፋ። ጋሼ ናቸው ደርቆ ያገኙት። ቀብረውት መጥተው ሥራም ሰጡኝ፣ እግዜር ይስጣቸው።»

የመጨረሻውን ቃል ስትል መርፌው አቅጣጫውን ሳተና ውሻዋ ጮኸች።

ይህን ጊዜ ልጅቷ ከነጠመንጃዋ ገባች። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ያሳደገቻት ይህች ሴት ናት። «እትዬ» ብላ ትከሻዋ ላይ ግንባሯን አሳረፈች፤ ከዚያ ዝምታ ስታለከልክ አይታ ጣሳ ሞልታ ሰጠቻት። የቡችሎቹ እናት «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ» እያለች፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ከሽርጧ ኪስ ድንጋይ አውጥታ ጣሳው ውስጥ ጣል አደረገች። ውሻዋ በድንጋዩ ዙሪያ ምላሷን እያዞረች ቀስ ብላ ጠጣች።

ወስፌ ባላየች ደስ ባላት።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሁሉንም ውሾቹ ቤት በረንዳ ላይ ሰበሰበቻቸው። ልጅቷ ፊቷን ልትታጠብ ስትገባ ወስፌ ጠመንጃው አጠገብ ነበረች። ከዚያ ልጅቷ ተመልሳ ጠመንጃዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከአጎቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው» አለች።

«አውቃለሁ። እንግዲህ ስሙኝ። እባብ የለም። ዝምታ እባብ ከሸተታት ሸሽታ የምትጮህ ውሻ ናት፤ ዛሬ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተኝታ ነው ያገኘኋት። ሁለቱ ቀዳዳዎች የመርፌ ናቸው። ጉድጓዱን አይቶ ንክሻ ያስመሰለ ሰው አለ፤ ያ ሰው ውሻዋ መማሯን አያውቅም። ስለዚህ ሐኪሙ አይደለም።»

«አላልኩም?» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ከአጎቷ ሳትነቅል።

«ቆይ። አባትሽ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ፊቱን አዙሮ ነው የሞተው። ትግል የለም። እጁን ሰጥቶ፣ መርፌውን ላለማየት ዞሮ ነበር። ለተጣላው ወንድሙ እጁን ይሰጣል? እጁን የሚሰጠው እሾህ ለሚያወጣለት ሰው ነው።»

ወስፌ ፌስታሉን ወደ ራሷ ሳበች።

«ገዳዩ ሰውየውን ፀሐይ ላይ ጣለው፤ ውሻዋን ግን ጥላ ውስጥ አስተኛት፣ ውሃ ሰጣት፤ በጥድፊያ ጠጥታ እንዳትታመም ውሃው ውስጥ ድንጋይ አኖረላት። ዛሬ ሦስታችሁም ስታጠጧት አይቻለሁ። አጎትሽ ባልዲ ሞልቶ ሰጣት። ሐኪሙ በእጁ አስላሳት፤ የድንጋዩን ነገር ሰምቶት አያውቅም። አንቺም አልጨመርሽም፣ የጨመረችልሽ ሌላ ናት።» ፌስታሉን ፈትታ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ድንጋዩ ኳ አለ። «አሁን ወንድምየው ይናገሩ። ጋሽ ኢላማ ያን ቀን ምን አለ?»

ጎማ ጠጋኙ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «እንግዶቹ ‹ከሁሉ የሚበልጠው ውሻህ የቱ ነበር?› አሉት። የዝምታን አያት ጠራ። ‹አንዴ በረሃ ላይ አንድ ጣሳ ውሃ ቀረኝ› አለ። ‹መንገድ መሪዬ ወድቋል፣ ውሻዬም ወድቃለች። መንገድ መሪ ሌላ ይገኛል፤ እንዲህ ያለች ውሻ አይገኝም። ለሷ ሰጠኋት።› ብሎ ሳቀ።»

ልጅቷ ወደ ሴትየዋ ዞረች። ቀስ ብላ ነው የዞረችው።

«እትዬ?»

«ስምንት ዓመት» አለች የቡችሎቹ እናት። «ስምንት ዓመት ጫማቸውን ጠረግኩ። ባሌን ለቀበሩልኝ ስል መረቅኳቸው። ዛሬ ጠዋት አሮጊቷን ውሻ ካሳረፍንበት መድኃኒት የተረፈውን ይዤ በረሃ ድረስ ተከተልኳቸው፤ ‹ጋሼ እሾህ አለብዎት› አልኳቸው፤ እጃቸውን ሰጡኝ። መድኃኒቱ ሲይዛቸው ጆሯቸው ላይ የባሌን ስም ጠራሁት። ሰምተውኛል። አልቆጭም። ደግሞ ዝምታ ምን አደረገች? እሷ አልመረጠችም።»

ጠመንጃው ተነሣ። ሴትየዋ ሽርጧን አስተካክላ ደረቷን ሰጠች፤ ቃታው ሁለት ጊዜ ቀጭ አለ፤ ምንም አልወጣም። ወስፌ እጇን ዘረጋች፤ መዳፏ ላይ ሁለቱ ጥይቶች ነበሩ። ልጅቷ ያኔ አለቀሰች፤ ለአባቷ ይሁን በአባቷ፣ እሷም የለየችው አይመስልም።

ሴትየዋን ወደ መኪናው ሲወስዷት ሙቀቱ ገና አልበረደም። የቡችሎቹ እናት በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ጉሮሮዬ ደረቀ» አለች። «ውሃ።»

ልጅቷ ገብታ ጣሳ ሙሉ ውሃ ይዛ ወጣች። ወስፌ እንኳ ምሕረት መስሏት መንገድ ለቀቀችላት። ልጅቷ እስከ ሴትየዋ አፍንጫ ቀርባ ዓይን ዓይኗን አየቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጣሳውን ውሻዋ ፊት አስቀመጠች።

«መጀመሪያ ለውሻዋ» አለች። «እኛ ቤት እንዲህ ነው።»

ዝምታ አፏን ነከረች። የምትውጠው ውሃ ሲንቋቋ ይሰማል። የቡችሎቹ እናት ምራቋን ለመዋጥ ሞከረች፤ ምራቅ አልነበራትም። ዓይኗ ግን ከጣሳው ይልቅ የውሻዋ ሆድ ላይ ነበር።

«ድንጋይ ጨምሪበት፣ ልጄ» አለች። «እንዲህ ስትጠጣ ትነፋብሻለች።»

ወስፌ የራሷን ኮዳ ከፍታ ለሴትየዋ ስትሰጥ፣ ልጅቷ ተንበርክካ መሬቱ ላይ ለስላሳ ድንጋይ ትፈልግ ነበር።