ዲስኮቹን ትቶ ካርዷን

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ታይፒንግ ከተማ ገበያ ዳር ባለ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ሮሃያ ከጀርባዋ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ሰምታ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ስለነበር ግማሹ አልተሰማትም።

«ካርዷ ከሞተች ዲስኮቹ ዲዳ ናቸው እኮ!» ይላል አንዱ።

«ሌላ ግዛ ታዲያ!»

«ሌላዋ ቋንቋቸውን አታውቅማ!»

ሁለተኛው ሰውዬ ሳቀና አንድ ነገር መለሰ። ምን እንዳለ ግን ዝናቡ ዋጠው። ያኔ ሮሃያ ተራ ፖሊስ ነበረች፤ ወሬው ስለ ምን እንደሆነም አልገባትም። የሰማችውን ግን አትጥልም።

አሁን ኢንስፔክተር ሮሃያ በአንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ደረጃ ግርጌ፣ ከያፕ ኮክ ሴንግ ሬሳ አጠገብ ተንበርክካለች። ሟቹ ጡረታ የወጣ የሰርግ ፎቶ አንሺ ነው። ጭንቅላቱ ከደረጃው ጠርዝ ጋር ተላትሟል።

«አዳልጦት ነው፣ ቡዋን» አለ አብሯት ያለው ፖሊስ፤ በአገሩ ወግ እመቤቴ ማለቱ ነው።

«የሸሚዙን ቁልፍስ ማን በጠሰው?»

ቁልፉን ያገኙት ላይኛው ክፍል ወለል ላይ ነው። እዚያ ኮክ ሴንግ የከተማውን ሰርግ ሁሉ ያጠራቀመበት ሰርቨር፣ ፋይል ማስቀመጫ ኮምፒውተሩ፣ ጎኑ ተከፍቶ ቆሟል። ዲስኮቹ በሙሉ በቦታቸው አሉ። ገመዶቻቸው ግን ተነቅለው ተንጠልጥለዋል፤ የተበጠሰ ቀይ ክር የያዘች ትንሽ ማራገቢያ አጠገባቸው ትወዛወዛለች። ዲስኮቹን ከማሽኑ ጋር የምታገናኘው ካርድ የለችም። ቦታዋ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ነው።

በኋለኛው መስኮት ላይ ወደ ኮረብታው ያነጣጠረች ካሜራ አለች። ያየችው ሁሉ በሰርቨሩ ውስጥ ይቀመጣል። ከኮረብታው ሥር አፈር እንዳይናድ የተሠራ አዲስ የድጋፍ ግንብ ቆሟል፤ ከግንቡ ሥር ደግሞ ትንንሽ ቤቶች ተደርድረዋል። ጎረቤቶቹ ዝናቡን ፈርተው ወጥተዋል። የቀረችው የሟች እህት ስዊ ላን ብቻ ናት።

«ወንድሜ ‹ነገ ነይ፣ የማሳይሽ አለ፤ ካየሽው እዚያ ቤት አታድሪም› አለኝ» አለች እያለቀሰች። «ነገውን ሳያይ ቀረ።»

«ታዲያ ለምን አይወጡም፣ እናቴ?»

«ልጄ መሐንዲስ ነው። ግንቡ ጤነኛ ነው ብሎኛል። እሱ ውጪ ካላለኝ አልወጣም።»

የኮክ ሴንግን ማሽን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው። ካርዷን ሲመርጡ ሻይ እየጠጡ አብረውት ተከራክረዋል። ሮሃያ በመጀመሪያ ያገለገሉ የኮምፒውተር ዕቃዎች ወደሚሸጠው ወደ ዴቫራጅ ሄደች።

«እኔ ብገድለው ዲስኮቹን ትቼ እሄዳለሁ፣ ቡዋን?» አለ። «ነጋዴ ነኝ እኮ!»

«ካርዷስ?»

«ከዲስኮቹ አንፃር የምሳ ዋጋ ናት። ከትልልቅ ድርጅት ማሽን የወጣች፣ እንደ አውሮፕላን ለሚጮህ ማራገቢያ የተሠራች። ሰው ቤት ስትገባ እንደ መጥበሻ ትግላለች። ሁላችን አጎት የምንለው ኮክ ሴንግ ደግሞ ጩኸት አይወድም። ያቺን ሚጢጢ ማራገቢያ በቀይ ክር ያሰርንላት ለዚያ ነው። ክሩ ቀይ ካልሆነ ብሎ አስቸግሮኝ!» ሳቁ መሀል ላይ ተቆረጠና ዓይኑን ጠረገ።

ግንቡን የሠራው ተቋራጭ ሃስኑል ግን ገና ሳትጠይቀው ተቆጣ። «ግንቡ የእኔ፣ ካሜራው የሱ፤ ስለዚህ ገዳዩ እኔ! እንዲህ ነው አይደል?»

«አልተናገርኩም።»

«ዓይንሽ ተናግሯል፣ እህቴ። ይልቅ ባለፈው ወር ካርዷን ሲያስተካክሉ ፋይሎቹን የገለበጠው በእኔ ዲስኮች ላይ ነው። ጠላቱ ብሆን አውሰዋለሁ?»

«ሌላ ካርድ ገዛ?»

«ያችው ናት። ዴቫራጅ ውስጧን ቀየራት እንጂ መልኳ ያው ነው።»

ሦስተኛው ሰው የስዊ ላን ልጅ ቺን ዋህ ነው፤ በግንቡ ሥራ ላይ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነበር። ሻዩን በግራ እጁ አነሳ። ቀኙ ከጠረጴዛው ሥር ነው።

«አጎቴ ግትር ነበር፣ ቡዋን። ያቺን ካርድ አትመናት፣ እሷ ከሌለች ዲስኮቹ ቆርቆሮ ናቸው እያልኩ ስንቴ ለመንኩት!»

«መቼ?»

«ለሥራ ኳላ ላምፑር ሳልሄድ። በዚህ ሳምንት ነው የተመለስኩት።»

«እጅህን ምን ነካው?»

«መጥበሻ። ሚስት የሌለው ወንድ ወግ ነው» ብሎ ብቻውን ሳቀ።

በማግሥቱ ሮሃያ የከሰዓት በኋላውን የአስር ሶላት ሰግዳ ሦስቱንም በሟች ክፍል ሰበሰበች። ኮረብታው በደመና ተሸፍኗል። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።

«ሌባ ቢሆን ዲስኮቹን ይወስድ ነበር» አለች ዝግ ብላ። «ስለ ማሽን የማያውቅ ሰው ማስረጃ ሊያጠፋ ቢመጣ ዲስኮቹን ይሰባብራል። ይሄኛው ግን ዲስኮቹን ትቶ ካርዷን ወሰደ። ያለ እሷ የሚያነባቸው የለም ብሎ አምኗል። ዴቫራጅ፣ እውነት ነው?»

«ድሮ እውነት ነበር። ፋይሉን ቆራርጣ በዲስኮቹ ላይ የምትበትነው በራሷ ምስጢር ነበር። ባለፈው ወር ግን አስተላላፊ ብቻ አደረግኳት። አሁን ምስጢሩ የዲስኮቹ ነው፤ መሰሏን ብትሰኪ ማሽኑ ያነባቸዋል።»

ሮሃያ ፈገግ አለች። ያ የሻይ ቤቱ ሰውዬ ያኔ በዝናቡ መሀል የመለሰው ይህንን መሆን አለበት።

«ስለዚህ ገዳዩ የድሮዋን ካርድ ያውቃል፤ መለወጧን አያውቅም። ዴቫራጅ ራሱ ለውጧታል። ሃስኑል ዲስክ አውሷል። ያን ጊዜ ያልነበረው አንድ ሰው ነው። ማሽኑ እየሠራ ስለነቀላት ደግሞ ጣቶቹን አቃጥላዋለች። ቺን ዋህ፣ ቀኝ እጅህን አሳየን።»

«መጥበሻ ነው አልኩ እኮ!»

«ዴቫራጅ፣ አምጣት።»

ዴቫራጅ ከኪሱ መሰል ካርድ አውጥቶ ሰካ። ማሽኑ አጉረመረመ። ኮረብታው በስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ግንቡ ገና በግማሹ ነው። ከኋላው ያለውን ውኃ የሚያስወጡት ቱቦዎች መሬት ላይ ተከምረዋል። ከዚያ አንድ የጭነት መኪና መጣና ቱቦዎቹ መልሰው ተጫኑ። የቱቦዎቹ ቦታ በጭቃ ተሞላ። ጃንጥላ ይዞ በእጁ የሚያዝዘው ቺን ዋህ ነው።

«እኔ ለዑምራ መካ እያለሁ!» ሃስኑል ከወንበሩ ተነሳ። «አደራ ብዬህ!»

ቺን ዋህ የደበቀውን ቀኝ እጁን አወጣ። «ቱቦዎቹን መሸጤን አይቶ ለእናቴ አሳያታለሁ አለኝ። ካርዷን ነቅዬ ልወጣ ስል እዚህ ያዘኝ፤ እየታገልን ደረጃው ጋ ደረስን። ገፋሁት... እንዲሞት አልነበረም።»

አንድ ፖሊስ ውኃ እያንጠባጠበ ወደ ላይ ወጣ። «ቡዋን፣ ግንቡ ተሰንጥቆ ጭቃ እያንጠባጠበ ነው። ሴትየዋ አልወጣም ብላለች። ‹ልጄ ራሱ ይንገረኝ› ትላለች።»

«ጎትታችሁ አውጧት!» አለ ሃስኑል።

«በሩን ከውስጥ ቆልፋለች።»

ሮሃያ ወደ ቺን ዋህ ዞረች። «ለአጎትህ ፍርድ ቤት አለለት። ለእናትህ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ። ‹ውጪ› ስትላት ግን ‹ለምን?› ትልሃለች።»

«በስልክ ብነግራትስ?»

«ግንቡ ጤነኛ ነው ስትላት በስልክ ነበር?»

ቺን ዋህ የተቃጠሉ ጣቶቹን ተመለከተ። ከዚያ በመስኮቱ ግንቡን አየ፤ ከሥሩም የእናቱን ጣሪያ።

«እሺ» አለ። «ውሰዱኝ። በሯ ላይ ቆሜ እነግራታለሁ። ለምን እንደሆነም።»