ከአይስክሬሙ ሥር

ልብስ ሰፊው ሆሬስ ፔል ከመቁረጫ ጠረጴዛው አጠገብ ወድቆ ሞቶ ተገኘ። ጠረጴዛው ላይ ግማሽ የፖም ፓይ፣ ላዩንና ዙሪያውን የቀለጠ አይስክሬም ነበር። ሐኪሙ የአይጥ መርዝ ነው አለ።

እዚህ ቬርሞንት ሰው የፖም ፓይ የሚበላው በፎርማጆ፣ በደረቅ አይብ ነው። በአይስክሬም፣ በፈረንሳይኛ ስም «አላሞድ» በሚሉት በአዲሱ ፋሽን፣ የምታቀርበው ከኒውዮርክ የመጣችው ባርኔጣ ሠሪ ሌኖራ ብቻ ነበረች። ሆሬስም ከቤቷ አይጠፋም ነበር። ፖሊሶቹ ሊወስዷት ሲሉ መርማሪው ታዴየስ ዊክ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገሡኝ» አላቸው። ከዚያም ፓዩ ላይ የቀለጠውን አይስክሬም በቢላ ጫፍ ገለል አድርጎ ሥሩን ተመለከተ።

«ዛሬ ፓይ ልከውለታል?» ሲል ሌኖራን ጠየቃት።

«አልላክሁም። ግን ማን ያምነኛል? ከተማው ባርኔጣዬን እንጂ እኔን አይወድም።»

«ፎርማጆ ቤትዎ አለ?»

«ሽታውን አልችለውም።»

የሆሬስ ጨርቅ ቆራጭ ኤሞስ ሌኖራን ማፍቀሩን አልደበቀም። «ጌታዬ ሙያውን አስተማረኝ፣ ሴቲቱን ወሰደብኝ። ቀንቻለሁ። ቅናት ቢገድል ግን ቀድሜ የምሞተው እኔ ነበርኩ።»

«ፓዩን ማን አመጣው?»

«ምሳዬን ሆቴል በልቼ ስመለስ ሳህኑም፣ እሱም እንዳያችሁት ነበሩ።»

የሆሬስ ሚስት ኬዛያ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። «የሷ ሥራ ነው። እኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዊክ ሦስቱንም በኬዛያ ማድ ቤት ሰበሰበ። ትኩስ ፓይ፣ ፎርማጆና አይስክሬም ቀርቧል።

«እያንዳንዳችሁ አንድ ሳህን አላሞድ አዘጋጁልኝ።»

ሌኖራ አይስክሬሙን ጨለፈች። ኤሞስም እንደዚያው አደረገ። ኬዛያ ቁራሹን ሳህን ላይ አወጣች፤ ፎርማጆ በስሱ ቆርጣ አኖረችበት። ከዚያ እጇ ቀጥ አለ። ልታነሣው ስትሞክር ፎርማጆው ቀልጦ ተጣብቋል።

«የሟቹም እንዲህ ነበር» አለ ዊክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከአይስክሬሙ ሥር ተፍቆ ያላለቀ ፎርማጆ አገኘሁ። የወይዘሮ ሌኖራን ጓዳ ፈተሽኩ፤ ፎርማጆ የለም። ኤሞስ የሚበላበት ሆቴል ዛሬ ፓይ አልሠራም። ፓዩን ያቀረበችው ሴት እጇ የለመደውን አደረገ፤ ነገሩን በሌኖራ ለማሳበብ ማሰቧ ትዝ ያላት ከዚያ በኋላ ነው። ፍቃ በአይስክሬም ሸፈነችው።»

ኬዛያ ጣቷን በሽርጧ ጠረገች።

«ሃያ ስድስት ዓመት ፎርማጆ አኖርኩለት» አለች። «አንድ ቀን ጣፈጠኝ አላለም። ትናንት ግን፣ ‹እንደ ሌኖራ ብትሠሪልኝ ምናለ› አለኝ።»

ፓዩን ከፊቷ ገፋ አደረገችው።

«ሠራሁለት።»