ባትሪ የጨረሰብኝ የኋላ በር

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ጎንደር ሳለሁ ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነበር፣ ለእኔ የጠፋ መብራት ሁሉ አንድ የተበጠሰ ገመድ አለው፣ በቃ። ሱዳንን አልፈን እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ካለ ሙሳክ፣ ያው ጋራዥ፣ ተቀጥሬ አንዲት አሮጌ መኪና ገዛሁ። ባትሪዋ ታዲያ ማታ ሞልቶ ያመሽና ጠዋት ባዶ ነው፤ ባትሪ ለወጥኩ፣ ዲናሞ ፈተሽኩ፣ ወይ ፍንክች!

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በሮቹን ሁሉ ዘግቼ፣ የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ፈትቼ በመሀል መፈተሻ አምፖል አገናኘሁ። በራ፤ ሞተሩ ጠፍቶም ኮረንቲ የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ስነቅል፣ የጣሪያው መብራት ፊውዝ ላይ ስደርስ ጠፋ። «አገኘሁህ!» ብዬ የጣሪያውን አምፖል አወጣሁና ፊውዙን መለስኩ፤ መፈተሻው አልበራም። እፎይ ብዬ እጄን ስጠርግ፣ ከኋላው በር «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ መፈተሻዬም ቀስ ብሎ በራ። እመነኝ፣ አምፖሉ ወጥቷል፣ የሚበራበት ምክንያት አልነበረም። በሩን ከፍቼ ዘጋሁት፣ ጠፋ። ዞር ስል፣ ጠቅ፣ በራ።

ሰንበት ሳይገባ እኅታቸው ዘንድ ላደርሳቸው ቃል ስለገባሁ፣ ጎረቤቴ እማማ ትርንጎ ከፎቅ ወረዱ። ልጃቸው አዳነ በሱዳኑ ጉዞ የመንገድ ጓደኛዬ ነበር፣ በረሃው ላይ ሲታመም «ውሃ ይዤ እመለሳለሁ» አልኩት። ውሃውን አግኝቼ ነበር፤ ሰዉ ጉዞ ሲነሳ ፈራሁና ሳልመለስለት አብሬ ተነሳሁ። ለእሳቸው ግን «በእጄ ቀበርኩት» ብያቸዋለሁ።

የባትሪውን ገመድ መልሼ አሰርኩ። ዓይናቸው ደክሟልና እየዳሰሱ ከኋላ ገቡ፣ ወዲያው ጥግ ይዘው ተሰበሰቡ።

«ልጄ፣ ሰው ጭነህ ኖሯል?»

«ማንም የለም፣ እማማ።»

«እንዴት የለም? ጉልበቱ ነካኝ እኮ። ስዳስሰው ከንፈሩ ደርቋል፣ ምነው?»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፣ እውነቴን ነው ከፈትኩ፣ የወጣኝ ግን «በሩን ጠበቅ ያድርጉት» የሚል ብቻ ሆነ። መንገዱን ሁሉ በሹክሹክታ ሲያወሩ ሰማሁ፣ ለማን እንደሆነ በመስተዋቱ አላየሁም፣ ማየትም አልደፈርኩም።

በሳምንቱ መኪናዋን ሸጥኩ፤ ኋላ ሳገኘው ገዢው «ባትሪዋ አንድም ቀን አላስቸገረኝም» አለኝ። እማማ ትርንጎ ቀድሞ ሰንበት በመጣ ቁጥር «የት ላይ ነው የቀበርክልኝ? ዛፍ አለበት?» ይሉኝ ነበር። ከዚያች ዓርብ ወዲህ አንድም ቀን አልጠየቁኝም።