በፉሪ ዝናብ ያልረጠበው ሰው

እኔ በጥላም በመንፈስም አምኜ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ እንዲያውም የሰፈሬ የፉሪ ልጆች ከሚፈሩት ጅኒ ግማሹን የፈጠርኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ «ደግሞ ጀመረው» ብትሉኝ አልቀየማችሁም፣ ግን እመኑኝ፣ በዚህች ላይ አንዲት ነገር አልጨመርኩም።

ድሮ በጭነት መኪና ከአፋር በረሃ ጨው እጭን ነበር። እዚያ አገር መንገደኛና መንገደኛ ሲገናኝ ዳጉ ይባባላል፤ ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን ይነግራችኋል፣ እናንተም ትነግሩታላችሁ፣ ውሸት የለም። ያ ምድር ዓመቱን የሞተ መስሎ ይከርማል፣ አንድ ዝናብ ሲወርድበት ግን አሸዋው ውስጥ የተኛው ዘር በሳምንቱ ሣር ሆኖ ይነሳል፤ ግመሉም ፍየሉም ሰውም የሚነሳው ያንን ወሬ ሰምቶ ነው።

አንድ ቀን መንገድ ዳር ጎማ ቀይሬ ስጨርስ፣ አንገቷ ላይ የእንጨት ቃጭል ያሰረች ግመልና አጥንታቸው የሚቆጠር ፍየሎች የሚነዳ ሽማግሌ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ሾፌር፣ ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

እኔም፣ አፌን ይዝጋውና፣ «ከዚያ ጥቁር ተራራ ወዲያ ሰማዩ ተቀዶ ነው የዘነበው፤ ጎርፉ ግመል ያሰጥማል!» አልኩት። ጠብታ አልነበረም። ይስቃል ብዬ ነበር። አመሰገነኝና መንጋውን ወደ ተራራው አዞረ። ልጠራው አፌን ከፈትኩ፣ ግን ከኋላዬ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ፣ እኔም ሞተሬን አስነሳሁ።

ባለፈው ክረምት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፉሪ ቤታችን ሳለን ዝናቡ ቆርቆሯችንን ሲደበድበው፣ በመሃሉ ኳ... ኳ... የሚል ደረቅ ድምፅ ሰማሁ።

«አስቴር፣ ይሰማሻል?» አልኳት ባለቤቴን።

«የጎረቤት በግ ነዋ።»

«በግ የእንጨት ቃጭል ያስራል?»

ቀጥሎ የጋለ አቧራ ሸተተኝ፣ በሐምሌ! ከዚያ የግቢው በር ተንኳኳ። አስቴር ከፈተችና «ውይ አባባ፣ ይግቡ እንጂ፣ በሰበሱ!» አለች።

እሱ ነው። አንድ ቀን እንኳ አላረጀም። ዝናቡ ትከሻው ላይ ይወርዳል፣ ሽርጡ ግን ደረቅ ነው፣ እግሩ ላይ ነጭ አቧራ አለ። አስቴር ውሃ በጆግ ሰጠችው፤ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጉሮሮው ሲወጣ ሲወርድ አየሁት፣ ጆጉን ሲመልስላት ሙሉ ነበር።

«ሾፌር፣ ከተራራው ወዲያ ዝናቡን በዓይንህ አይተኸዋል?»

አስቴር ታየኛለች። «አላየሁም» ማለት አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን፣ የሚስቴን ዓይን ፈርቼ፣ «አዎ አባባ፣ ዘንቦ ነበር» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው አልፌው መጥቻለሁ። ተመልሼ ልፈልገው» አለና ዞረ።

በባዶ እግሬ ኮብልስቶኑ ላይ ሮጥኩ፣ «አባባ! አልዘነበም! ዋሽቼ ነው!» እያልኩ። ጎረቤቱ አዲስ ቀልድ መስሎት በየመስኮቱ ሳቀ። መንገዱ ባዶ ነው፤ ቃጭሉ ብቻ ከፊቴ እየራቀ ይሄዳል።

ስመለስ አስቴር በሩ ላይ አጎንብሳለች። እሱ የቆመበት ሲሚንቶ፣ የሁለት እግር ያህል፣ ዝናቡ እየወረደበት አይረጥብም።

«ምኑን ነው የዋሸኸው?» አለችኝ።

እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። በዘነበ ቁጥር ያቺን ቦታ በማዳበሪያ ጆንያ እሸፍናትና፣ ቃጭሉ ወደዚያ ደረቅ ተራራ ሲሄድ እሰማለሁ።