የሰባተኛው ሣጥን ምስክር

ኮሪና ገጹን አንብባ ስትጨርስ ደብተሩን ድርግም አድርጋ ዘጋችው። ልቧ እንዴት እንደመታ ልንገራችሁ? ወንዙ ማዶ ውሃ ይጠጡ የነበሩ ላሞች ቀና ብለው አዩ።

«ምነው? እባብ አየሽ እንዴ?» አሉ አክስት ዶልሲ።

«አይ... አቧራ ነው፣ አክስቴ።»

«አቧራ! ስልሳ ዓመት ቁጭ ብሎ የጠበቀ አቧራ ዛሬ ምን አስቸኮለው? አንብቢ ይልቅ!»

አክስት ዶልሲ የመንደሩ ሁሉ አክስት ናቸው። ድምፃቸው የጭነት ባቡር ያስቆማል፤ ዓይናቸው ግን ደክሞ ፊደልን ከጉንዳን መለየት ካቆሙ ቆይተዋል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ የምታነብላቸው የአሥራ አራት ዓመቷ ኮሪና ናት። ከፊታቸው አሥራ ሦስት ሣጥኖች ተደርድረዋል። በውስጣቸው ያለው የጥንት ወገኖቻቸው፣ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ የሆኑት የአቦርጂኖች አጽም ነው። ከስልሳ ዓመት በፊት ነጭ ተመራማሪዎች ከወንዙ ዳር ቆፍረው ወሰዷቸው፤ አሁን ከተመራማሪዎቹ የመስክ ደብተር ጋር ተመልሰዋል። ነገ ጠዋት ወደ አፈራቸው ይገባሉ። እስከዚያ ማን ከማን ጋር ተቀብሮ እንደነበር መጣራት አለበት።

የክፍሉ ሙቀት ጥፍር ያቀልጣል። ኮሪና ደብተሩን ቀስ ብላ መልሳ ከፈተችው።

ገጹ ላይ በጎኗ የተኛች ሴት በእርሳስ ተስላለች፤ ክንዷ ላይ ሕፃን አለ። ሥሩ እንዲህ ይላል፦ «መቃብር 7። ሕፃኑ ክንዷ ላይ ነበር። ቦታውን ያሳየን መሪያችን አብረው ይቆዩ ብሎ ለመነን። ሕፃኑ ግን ለብቻው በሣጥን 12 ገብቷል።» ቀጥሎ የመሪው ስም ተጽፏል።

የሞተ ሰው ስም በቤታቸው አይጠራም። ይኼኛው ደግሞ የአክስት ዶልሲ አባት፣ የኮሪና ቅድመ አያት ነው።

በመስኮቱ የኬንድራ ፔይተን ራስ ብቅ አለ። «ኮሪ! እዚያው ልትከርሚ ነው? ነይ እንጂ፣ ወንዙ ደረቀ!»

«ያቺን የፔይተን ልጅ ከመስኮቴ አርቂልኝ» አሉ አክስት ዶልሲ። «ነጮቹን እጃቸውን ይዞ መቃብራችን ድረስ ያመጣቸው የሷ ሽማግሌ ነው።»

ኬንድራ እንደ ኤሊ ራሷን ሰበሰበች። ይህን ነገር ከተወለደች ጀምሮ ሚሊዮን ጊዜ ሰምታዋለች። የኮሪና የልብ ጓደኛ ናት፤ የዚህን ቤት ደፍ ግን አንድም ቀን ረግጣ አታውቅም።

የደብተሩ ክር ላልቷል። ገጹን ሳብ ቢያደርጉት ይወጣል፤ አክስት ዶልሲም አያዩም። ኮሪና በሁለት ጣቷ ያዘችው። አሥራ ሦስቱም ሣጥኖች ጆሮ ያወጡ መሰላት።

«አሥራ ሁለተኛውስ?» አሉ አክስት ዶልሲ። «ትናንት ያነበብሽልኝ በታይፕ የተመታው ሪፖርታቸው ሕፃኑ ብቻውን ዛፍ ሥር ተገኘ ነው የሚለው። ደብተሩስ?»

ኮሪና ጣቷን አላቀቀች። «ደብተሩ... ከሰባተኛዋ ጋር ነበር ይላል። ክንዷ ላይ።»

የአክስት ዶልሲ እጅ ሰባተኛው ሣጥን ላይ ቀረ። «ማን አለ?»

«ደብተሩ።»

«ደብተር አፍ የለውም፣ ልጄ። ማን አየ? የነማን ወገን ነው? የሌላ ሴት ልጅ አሳቅፌ ብቀብራት እነሱም አይተኙም፣ እኛንም አያስተኙንም። ምስክር ከሌለ ሕፃኑ ዛፉ ሥር ብቻውን ይገባል።»

ኮሪና ገጹን በመዳፏ ሸፈነችው። ነገ የቀብሩን ሰልፍ የሚመሩት እኚሁ ሴትዮ ናቸው። ሰምተው ክው ብለው ቢቀሩስ? ዳግመኛ ዓይንሽን አልይ ቢሏትስ?

«ምን ይዘጋሻል? ያው የፔይተን ሽማግሌ ነው አይደል?» አሉ አክስት ዶልሲ። «ብጠላውም በዓይኑ ካየ ምስክር ነው። አዎ በይና ሁለቱን አንድ ላይ እናስገባቸው።»

አዎ። አንዲት ሚጢጢ ቃል። ሕፃኑ ወደ እናቱ ይገባል፣ የቤታቸውም ክብር ይተርፋል። ማንም፣ መቼም አያውቅም። ከመስኮቱ ሥር ኬንድራ የግድግዳውን ቀለም በጥፍሯ ስትልጥ ይሰማል፤ አልሄደችም።

ኮሪና አፏን ከፈተች።

«አይደለም» አለች። ድምፅዋ የትንኝ ያህል ነበር። «የፔይተን ሽማግሌ አይደለም።»

«ታዲያ ማነው?»

«ስሙን አልጠራውም፣ አክስቴ። ማን እንደሆነ ግን እነግርዎታለሁ።»

ወንበር ሳበችላቸው፤ እስኪቀመጡም ድረስ እጃቸውን ይዛ ጠበቀች።